ከመሥገርት እስከ ማማለያ

ዓሣ ከውኃ የሚወጣበት ብልሃት በተለወጠ ቁጥር ቃሉም አብሮ ይፈተናል። በግእዝ ሠገረ ማለት በወጥመድ ያዘ ማለት ሲሆን፣ ወጥመዱ መሥገርት፣ ያዡም መሠግር ይባላል። አማርኛ ከዚሁ አስጋሪን ጠብቆ (በጆሮ ከሰጋር በቅሎ ጋር ቢገጥምም በምሥጢር አይገናኝም)፣ ጠመደ ከሚለው ደግሞ አጥማጅን አወጣ። መንጠቆ ከነጠቀ የተገኘ ነው፤ ብረቱ የተሰየመው በመልኩ ሳይሆን በሥራው ነው። በጫፉ የሚሰካው ትል ወይም ሥጋ ግን ለብቻው የጸና ስም የለውም።

ጉዳዩን በሶር ተፋሰስ ማየት ይጠቅማል። መቱን አልፎ የሚሄደው ሶር ከገባ ይቀላቀላል፤ ገባና ብርብር ተጋጥመው ባሮ ይሆናሉ። በላይኛው አገር ለቡና ጥላ የሚሆነው ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ በወንዝ ሲበተን ዓሣውን አደንዝዞ ያንሳፍፋል፤ በውስጡ ያለው ሮቴኖን ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ለዚህ አያያዝ አጠመደ የሚለው ቃል አይስማማም፤ የተጠመደ ነገር የለምና።

በታችኛው ባሮ፣ ቀድሞ በኢሉባቦር ሥር በነበረው በጋምቤላ በኩል፣ ናይል ፐርች የተባለው ግዙፍ ዓሣ አለ። ይህም በውጭ አገር ባስ እንደሚሉት ዓሣ ሌሎችን እያደነ የሚኖር ነው። እንዲህ ያለውን አዳኝ ለመያዝ አሜሪካዊው ጁሊዮ ቡዌል በ1852 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለማንኪያ መሰል ብረት የፈጠራ መብት አገኘ፤ እንግሊዝኛውም ዕቃውን እስከ ዛሬ ማንኪያ ይለዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ስስ ብረት ክሩ ከጀርባው ይታሰራል፤ ሲጎተት ይንዘፈዘፋል። አጥማጁ እስከ ወለሉ አስምጦ በድንገት ያነሣዋል፣ መልሶም ይለቀዋል፤ ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚጎርሰው ሲወርድ ነው። ውኃው ቢደፈርስም በጎኑ ባለው የስሜት መስመር ንዝረቱን ያውቃል።

ይህን ዕቃ መንጠቆ ብንለው ብረቱን ከኩላቡ እናደባልቃለን። ማታለያ ብንለው ቃሉ የወንጀል ሕግ ይሸታል። አማለለ ከሚለው ግስ ማማለያ፣ ነዘረ ከሚለውም ነዛሪ ስላለን ነዛሪ ማማለያ ማለቱ የተሻለ መስሎ ይታየናል፤ ማማለያ ብቻውን ሲነገርም ስም አጥቶ ለኖረው ትል ይበቃል። ቃሉ ከመጽደቁ በፊት ግን ዓሣን ቁርጡሚ የሚሉት የመቱ አካባቢ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ለየመሣሪያው ያላቸው ስም ቢሰበሰብ መልካም ነው።