የቤተልሔም ተማሪዎችና የእናቶቻችን እንጀራ



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተረዳድቶ መኖር በእኛ ማኅበር አልተጀመረም። ከእኛ በፊት ወጣቶች በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተሰብስበው አብረው ሲማሩ፣ ሲሠሩና ሲበሉ ኖረዋል። እነሱም የአብነት ተማሪዎች ናቸው።

ድጓ ተምሮ ለማስመስከር የሚኬደው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከረው ደግሞ በዙር አምባ ነው፤ ትውፊቱ ይህን ቦታ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጋር ያያይዘዋል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌላም አገር የመጣ ወጣት ዘመድ በሌለበት ለዓመታት ይቀመጣል።

ኑሮው ሥርዓት ነበረው። ተማሪዎቹ ጎጆአቸውን በእጃቸው ይሠራሉ፤ እንጨት ይለቅማሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ የየኔታን ማሳ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ። የቀደመው ለኋለኛው ያስቀጽላል፤ የታመመውን ባልንጀራው ያስታምመዋል። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ይለምናሉ። ቀንቶት የተመለሰውም ላልቀናው ያካፍላል።

ያ ቁራሽ ግን ከየት መጣ? የመምህራኑ ስም በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ደርሶናል። እንጀራውን የጋገረችው እናት ስም ግን አልተነሣም። በጉና ደጋ ገብሱን፣ በስማዳ ቆላ ማሽላውን በወፍጮና በመጅ ፈጭታ፣ ውኃውን ከምንጭ በጀርባዋ ተሸክማ፣ ከልጆቿ መሶብ ቀንሳ የሰጠችው እሷ ናት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን ስታጣ፣ የተማሪው ቀለብ ይበልጡን የወደቀው በዚሁ መሶብ ላይ ነው። መሶቡም ሙሉ አልነበረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት ከገባባቸው ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኛሉ።

ተማሪውን ያበላችው እናት ሴት ልጇን ግን ወደዚያ ጎጆ አልላከችም፤ ትምህርቱ የወንድ ተብሎ ቆይቷል። ሴት መምራትም ሆነ ማስተማር ስለማትችል አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በጣና ዙሪያ ሴቶችና ወንዶች ያሉባቸውን የምናኔ ማኅበራት አቋቁማ መርታለች። በጎጃምም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ ቅኔ አስተምረዋል።

እኛ ከተማሪዎቹ ሥርዓት ብዙ ወስደናል፤ አብሮ መሥራትን፣ ያወቀች ላላወቀች ማሳየትን፣ የታመመችን አለመተውን። አንድ ነገር ግን ጨምረናል። በቁጠባ ደብተራችን የእያንዳንዷ እህት ስም ከሰጠችው ጋር ይጻፋል፤ ትንሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ የለም። ድጋፍ የምትልኩልን ወገኖችም ይህን እንድታውቁልን እንወዳለን። የእናንተ እርዳታ የሚታከለው ሴቶቻችን ከጉድለታቸው ሲሰጡ በኖሩት ላይ ነው።

እህቶች፣ እናቶቻችንና አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው። ስንት ተማሪ በደጃቸው አለፈ? በክፉ ቀን ምን ሰጡ? ከመካከላቸው መማር ፈልጋ የቀረችስ ማን ናት? መልሱን ከነስማቸው ጽፈን ለሚቀጥለው እትም እናምጣ።