የፍሪሲዮን ሸራና የጥገናው ታሪክ



ያለቀ ፍሪሲዮንን በቤት ውስጥ፣ በገዛ እጅ መለወጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ወጪ መቆጠቢያ ብቻ ነው። ሥራው ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ያም ታሪክ ሕግ ለማን ቀድሞ እንደ ደረሰ፣ ለማንስ እንደ ዘገየ ያሳያል።

ከስሙ እንነሣ። «ፍሪሲዮን» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ሰበቃ» ነው፤ ካምቢዮ፣ ካንዴላና ኩሽኔታም ከዚያው ቋንቋ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል በሰበቃ ለካምቢዮው ያቀብላል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለቱን ይለያያል። በሰበቃ የሚሠራ ነገር ማለቁ አይቀርምና መሐንዲሶች ውድ የሆነው ብረት እንዲተርፍ፣ በቀላሉ የሚለወጠው ሸራ እንዲበላ አደረጉ።

በብዙዎቹ ቀደምት መኪኖች ሸራው ቆዳ ነበር። ሲንሸራተት ደቃቅ የሸክላ አፈር ይነሰነስበታል፤ ደርቆ በድንገት መያዝ ሲጀምር የጉሎ ዘይት ይቀባል። ጥገናው ከኮርቻ ሠሪ ሙያ ብዙም አይርቅም ነበር። ሞተሮች እየበረቱ ሲሄዱ ግን ቆዳው ሙቀቱን አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1897 እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ የመሠረተው፣ ፌሮዶ በሚል ስም የታወቀው ድርጅት መጀመሪያ የሠራው ለጋሪ ፍሬን ነበር። ብዙም ሳይቆይ እሳት የማይበግረው አስቤስቶስ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ ዋና ግብዓት ሆነ።

የቤት ውስጥ ጥገና በሰፊው እንዲለመድ ካደረጉት መኪኖች አንዱ ቮልስ ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎኖች ስለሆነ፣ ክሪክና ጥቂት ቁልፎች ያሉት ሰው በግቢው አውርዶ ፍሪሲዮኑን መለወጥ ይችላል። በ1969 አሜሪካዊው ጆን ሙር ሙያው ለሌላቸው የቮልስ ባለቤቶች የጥገና መጽሐፍ አሳተመ። ባለቤቱ ከጋራዥ ጥገኝነት በከፊል ነጻ ወጣ።

ይሁን እንጂ ከሞተሩ ጋር አቧራውም ወደ ቤት ገባ። ኔሊ ከርሾ የተባለችው የእንግሊዝ የአስቤስቶስ ፋብሪካ ሠራተኛ በ1924 በሳንባ ሕመም ሞተች፤ ሐኪሞችም ምክንያቱን በጽሑፍ አወጡ። በ1931 የብሪታንያ መንግሥት የአቧራ መከላከያ ደንብ ደነገገ። ደንቡ ግን የተጻፈው አስቤስቶስ ለሚመረትባቸው ፋብሪካዎች ነበር። ሸራውን የሸመነችው ሴት ጥበቃ ስታገኝ፣ ያንኑ ሸራ አልቆ የሚያወጣው መካኒክና በግቢው የሚሠራው ባለቤት ከደንቡ ውጭ ቀሩ። መካኒኩ አቧራውን በአየር ግፊት ይነፋው ነበር፤ በሽታው የሚገለጠው ግን ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ እገዳ በሥራ ላይ የዋለው በ2005 ነው።

ዛሬም የቆየ መኪና ፍሪሲዮን የሚፈታ ሰው የአስቤስቶስ ሸራ ሊያጋጥመው ይችላል። በቤቱ ተቆጣጣሪ ስለማይኖር ጥንቃቄው የራሱ ነው፤ አቧራውን አይንፋው፣ በደረቁም አይጥረገው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረገው፣ ልጆችንም ያርቅ።