የካንሰር መድኃኒቶች የኪውቲ ምርመራ

የኪውቲ ምርመራ አዲስ መድኃኒት የልብን ምት ያዛባ እንደሆነ በክሊኒካዊ ሙከራ ወቅት የሚጣራበት ዘዴ ነው። «ኪውቲ» የሚባለው በኢሲጂ ንባብ ላይ ከኪው ሞገድ መነሻ እስከ ቲ ሞገድ መጨረሻ ያለው ጊዜ ሲሆን በሚሊ ሴኮንድ ይለካል። አንዳንድ መድኃኒቶች በልብ ሴሎች ላይ ያለውን የፖታሲየም መተላለፊያ በመዝጋት ይህን ጊዜ ያረዝማሉ። ከመጠን በላይ ሲረዝም «ቶርሳድ ዴ ፖይንት» የተባለ ፈጣን የምት መዛባት ሊነሣና ታማሚው በድንገት ሊሞት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «አይሲኤች ኢ14» የተባለ ዓለም አቀፍ መመሪያ ምርመራው በተለምዶ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ እንዲደረግ ያዝዛል። ለማነጻጸሪያም ፕላሴቦና ኪውቲን በጥቂቱ የሚያረዝመው ሞክሲፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ይሰጣል።

ብዙ የካንሰር መድኃኒቶች ግን ጤነኛ ሴሎችንም ስለሚጎዱ ለጤነኛ ሰው አይሰጡም። ስለዚህ የሚለካው በታማሚዎቹ ላይ ነው። ታማሚ ደግሞ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ በዚህም ፖታሲየሙ ይቀንሳል። ለማስመለሱ የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን ራሱ ኪውቲን ያረዝማል። ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ችግር ስሌቱ ነው። ልብ ሲፈጥን ኪውቲ ስለሚያጥር ንባቡ በምት ፍጥነት ይታረማል። እ.ኤ.አ. በ1920 የቀረበው የባዜት ቀመር ኪውቲን በሁለት ምቶች መካከል ላለው ጊዜ (በሴኮንድ) ካሬ ሥር ያካፍላል፤ በዚያው ዓመት የቀረበው የፍሪደሪሺያ ቀመር ደግሞ ለኩብ ሥሩ። ልቡ በደቂቃ 100 ጊዜ የሚመታ፣ ኪውቲው 400 የሆነ ታማሚ በባዜት 516፣ በፍሪደሪሺያ 474 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል። ብዙ ጊዜ መድኃኒት የሚቋረጠው 500 ላይ ስለሆነ ያው ሰው በአንዱ ቀመር ሕክምናውን ያጣል፣ በሌላው ይቀጥላል። ባዜት ፈጣን ምት ላይ አጋንኖ ስለሚያርም በካንሰር ሙከራዎች ፍሪደሪሺያ ይመረጣል።

አደጋው መታወቁ መድኃኒቱን የግድ አያስቀረውም። ቫንዴታኒብ ለተስፋፋ የሜዱላሪ ታይሮይድ ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሲፈቀድ ስለ ድንገተኛ ሞት ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ታትሞበት ነበር፤ ለዚህ በሽታ ከዚያ በፊት የተፈቀደ መድኃኒት አልነበረም።

ከካንሰር ውጭ ተመሳሳይ የኢሲጂ ክትትል በኢትዮጵያም ተደርጓል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ አጭር ሕክምናን የፈተነው «ስትሪም» ሙከራ ከተካሄደባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አጭሩ ሕክምና ከፍተኛ መጠን ያለው ሞክሲፍሎክሳሲን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት ኪውቲ 500 የደረሰባቸው በአጭሩ ሕክምና 11 በመቶ፣ በረጅሙ 6.4 በመቶ ነበሩ።