ከአውሮፕላኑ ፎቶ ጀርባ

የጥንት ጦር አውሮፕላን ወዳጆች የሚቀባበሏቸው የ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ፎቶዎች አብዛኞቹ በጣሊያኖች ካሜራ የተነሡ ናቸው፤ ካፕሮኒ የተባለው ባለ ሦስት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሜዳ ተደርድሮ ያብረቀርቃል፤ በቦምቡ የተመታው ሰው ግን አይታይም። «ፎቶው የሚያሳየው ማሽኑን ብቻ ነው፤ ፖለቲካ አትጨምሩበት» የሚሉ አሉ። ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ ማወቅ የተገባ ፍቅር ነው፤ ሆኖም ማሽኑ የተሠራው ለሥራ ነውና ሥራውን ትቶ መልኩን ብቻ ማየት እውቀትን ያጎድላል።

የምዕራብ ኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ጉድለት ይሞላል። በአምቦ መንገድ ላይ ባለችው ሆለታ በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ የስዊድን መኮንኖች ያስተምሩ ነበር። አዲስ አበባ ስትያዝ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በምዕራብ ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ማኅበር ጋር ተሰለፉ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ማልዮኮ በሦስት አውሮፕላኖች መጥቶ ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ባረፈ ጊዜ እነዚህ አርበኞች በሌሊት አጠቁት፤ ሦስቱ አውሮፕላኖች ተቃጠሉ፤ ማልዮኮም ሞተ። ጠላትን ከሰማይ የማይነካ ያስመሰለው ያ የሚያብረቀርቅ ብረት መሬት ላይ ለጥይትና ለእሳት የተጋለጠ ነበር።

ስለዚህ ፎቶ የምታጋሩ ወገኖች፣ ከአውሮፕላኑ ስም ጎን ቦታውን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ማን እንዳነሣውና በማን ላይ እንደ ዘመተ ጻፉ።