ነገሥታት የወደዱት አቦሸማኔና ማንም ያላሰረው ጭልፊት

በግብፅ፣ በደይር ኤል ባሕሪ የሚገኘው የንግሥት ሐትሼፕሱት መቅደስ ግድግዳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን ወደ ፑንት የተደረገውን ጉዞ በሥዕል ይተርካል። ብዙ ተመራማሪዎች በአፍሪካ ቀንድና በአካባቢው ከሚያስቀምጧት ከዚያች አገር ከመጡት ዕጣንና ዝንጀሮዎች ጋር በገመድ የሚመሩ አቦሸማኔዎችም ይታያሉ። ጭልፊትን ግን ግብፃውያን ከሩቅ ማስመጣት አላስፈለጋቸውም፤ ሁልጊዜም ከራሳቸው በላይ ሲያንዣብብ ያዩት ነበር። ለኦሲሪስ የሚያለቅሱትን ኢሲስንና ኔፍቲስን በእርሱ አምሳል መሣላቸውም ጩኸቱ የአልቃሽ ሴት ድምፅ ስለሚመስል ሳይሆን አይቀርም።

አቦሸማኔን የጎዳው ገራምነቱ ነው። ጎልማሳው እንኳ ከዱር ተይዞ በጥቂት ወራት ለሰው ይገዛል፤ በዚህም የተነሣ ከግብፅ እስከ ሕንድ ነገሥታት ለአደን ይፈልጉት ነበር። የሕንዱ ንጉሥ አክባር በዘመኑ 9 ሺህ ያህል እንደ ሰበሰበ ልጁ ጃሃንጊር ጽፏል። ቁጥሩ የተጋነነ ቢሆን እንኳ ነገሩ አይለወጥም፤ ምክንያቱም አቦሸማኔ ታስሮ በቀላሉ አይራባም። ጃሃንጊር በቤተ መንግሥቱ የተወለዱ ግልገሎችን እንደ ድንቅ ነገር መዝግቧል። ከዚያ በኋላ በሰው እጅ መወለዱ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 በፊላደልፊያ የእንስሳት ማቆያ ነው። ስለዚህ በየአደባባዩ የታየው አቦሸማኔ ሁሉ ከዱር የተቀነሰ ነበር። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ1952 አቦሸማኔዋ መጥፋቱን አስታወቀች።

ጭልፊትን ይህን ያህል የተመኘው የለም። እናቶች ጫጩት እንዳይነጥቃቸው እየጮኹ ያባርሩታል፤ እርሱም ዞሮ ይመለሳል። አይጥ፣ አንበጣ፣ የቄራ ትርፍራፊ፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ከተማ በሰፋ ቁጥር ማዕዱ ስለሚሰፋለት ከአዳኝ አሞሮች በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዙት አንዱ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ግን በዱር የቀሩትን አቦሸማኔዎች 7,100 ያህል ብቻ አድርጎ ገምቷል።

ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ቢከለከልም፣ የፑንቱ ጭነት አልቆመም፤ ዛሬም ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ በባሕር ወደ ዐረብ አገሮች በስውር ይሻገራሉ። ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ። በሶማሌላንድ ከአዘዋዋሪዎች የተነጠቁት ደግሞ አደን ከእናታቸው ሳይማሩ የተለዩ በመሆናቸው፣ ወደ ዱር መመለስ አዳጋች ሆኖ፣ በአጥር ውስጥ ሰው የሚያቀርብላቸውን ሥጋ እየጠበቁ ይኖራሉ።