ጌም ሱስ ነው ወይስ መሸሸጊያ?

እህቴ አንድ ማታ ደውላ «ልጄ ሱሰኛ ሆነብኝ» ስትለኝ ክው አልኩ። ጫት ይሆን ሌላ ነገር እያልኩ ስጨነቅ የስልክ ጌም መሆኑን ነገረችኝ። እውነት ለመናገር ቀለል አለኝ። እኛም በልጅነታችን በጆተኒና በካራምቡላ ምክንያት ያልሰማነው ቁጣ አልነበረም። ልጁ ግን ሌሊቱን ስልኩ ላይ አፍጥጦ እያደረ ትምህርት ቤት መቅረት ጀምሯል። «ለመሆኑ ጌም እውነት ሱስ ይሆናል?» የሚለውን ለማወቅ ማንበብ ያዝኩ።

ባለሙያዎቹም በአንድ ቃል አይናገሩም። የአሜሪካ የሥነ አዕምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የኢንተርኔት ጌም ችግርን ያስቀመጠው ተጨማሪ ጥናት ከሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች ተርታ ነው። ከዘረዘራቸው ዘጠኝ ምልክቶች አንዱ ከመጥፎ ስሜት ለማምለጥ ሲባል መጫወት ነው። ስለዚህ ሱስና ሽሽት እኛ እንደምናስበው የተራራቁ አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ችግሩን በሕመምነት መዝግቦታል። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው፤ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ማስቀደምና ጉዳት እያደረሰ እንኳ መቀጠል። ይህም ትምህርትን፣ ሥራን ወይም ቤተሰብን በእጅጉ የሚያናጋና እንደ ደንቡ ቢያንስ ለ12 ወራት የታየ መሆን አለበት። በቀን ይህን ያህል ሰዓት የተጫወተ ታሟል የሚል ነገር የለውም።

ሱስ ነው የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናትን ይጠቅሳሉ። በጥናቱ ሰዎች ቪዲዮ ጌም ሲጫወቱ በአንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ሲለቀቅ ታይቷል። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማትም ሰውን «አንዴ ብቻ ልሞክር» ያሰኘዋል፤ ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ይህን አያጣውም። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ጥሩ ምግብም ዶፓሚን ያስለቅቃል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአራት አገሮች ከ18 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት የአሜሪካኑን መስፈርት ሊያሟሉ የሚችሉት ከ0.3 እስከ 1 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገምቷል።

መከልከልስ? ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት የኮምፒውተር ኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች። ሕጉ የስልክ ጌሞችን አይነካም ነበር፤ ልጆቹም ወደ ስልክ ዞሩ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ሕጉን እንደሚሽር አስታወቀ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የእህቴን ልጅ ለብቻው ቁጭ አድርጌ «ምን አገኘህበት?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «አጎቴ፣ እዚያ ስገባ ማንም እያየኝ አያለቅስም» አለኝ። አባቱ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ለቅሶ ቤት ለተቀመጠው ሁሉ ሻይ ሲያቀርብ የነበረው እሱ ነው፤ እሱን ግን «አንተስ እንዴት ነህ?» ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም።

እህቴ ስልኩን ልትነጥቀው ቆርጣ ነበር። ማታ ማታ ስልኩ እሷ ክፍል እንዲያድር፣ እሁድ እሁድ ደግሞ እኔ ጋ እንዲውል ተስማማን። አሁንም ይጫወታል፤ ትምህርት ቤት ግን አይቀርም፤ ስለ አባቱም ማውራት ጀምሯል። ባይሻሻል ኖሮ ወደ አዕምሮ ሐኪም ልንወስደው ተነጋግረን ነበር፤ ይህም ሊያሳፍረን አይገባም።

በእኔ እምነት ጌም ለአብዛኛው ሰው መዝናኛ፣ ለአንዳንዱ መሸሸጊያ፣ ለጥቂቶች ደግሞ እውነተኛ ሕመም ነው። መሸሸጊያው ወደ ሕመም የሚለወጠውም የተሸሸገውን ሰው የሚፈልገው ሲጠፋ ይመስለኛል። ስለዚህ ወላጆች ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት ልጃችሁ ከምን እንደሚሸሽ ጠይቁት።