ሥር የሰደደ የድድ ሕመም፦ ከእንስሳት ምርምር የተገኘ ዕውቀት እና በጅማ አካባቢ ለሚገኙ ተገልጋዮች የቀረበ መረጃ

ሥር የሰደደ የድድ ሕመም በጥርስና በድድ መካከል በሚከማቹ ባክቴሪያዎች ምክንያት የሚከሰትና ጥርስን አቅፎ የያዘውን አጥንት ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ ሕመም በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚያጠቃ ገምቷል። ሕመሙ ለረጅም ጊዜ ሥቃይ ሳያስከትል ሊቆይ ስለሚችል፣ ጥርሳቸው መነቃነቅ ከጀመረ በኋላ ወደ ሕክምና የሚቀርቡ ጥቂቶች አይደሉም።

የእንስሳት ምርምር ምን አሳየ?

በሰው ላይ ሕመሙ ለመክፋት ዓመታት ይወስዳል፤ ጤነኛን ሰው ለምርምር ሲባል አጥንቱ እስኪጎዳ ማቆየትም አይፈቀድም። ስለዚህ ተመራማሪዎች አይጦችንና ውሾችን ይጠቀማሉ። በአይጥ መንጋጋ ጥርስ ዙሪያ ቀጭን ክር ሲታሰር ባክቴሪያ ይከማቻል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ድዱ ያብጣል፣ አጥንቱ መመንመን ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው ባክቴሪያ ሌላ ተሕዋስ በሌለበት የአይጥ አፍ ውስጥ አጥንት አልጎዳም። ጉዳቱ የታየው በአፍ ውስጥ የነበሩት ሌሎች ባክቴሪያዎች ሚዛናቸው ሲዛባ ነው። ከዚህም ሕመሙ የአንድ ተሕዋስ ብቻ ሳይሆን የመላው ክምችት ውጤት መሆኑን መረዳት ተችሏል። ይሁን እንጂ የአይጥ ጥርስና አመጋገብ ከሰው ስለሚለይ፣ በእንስሳት ላይ የተገኘ ውጤት በሰው ላይ ሳይረጋገጥ ለሕክምና አይውልም።

ለተገልጋዮች የሚሰጠው ትርጉም

መንስኤው ክምችቱ በመሆኑ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጽዳትን አይተካም። ድድ ሲደማ ጥርስ ማጽዳትን ማቆምም ሕመሙን ያባብሳል። በጥርስ ብሩሽ ወይም ድድን በማያቆስል ንጹሕ መፋቂያ በየዕለቱ ማጽዳት ይገባል። ቡና ጥርስን ሊያጠይም ቢችልም የድድ ሕመም መንስኤ ተደርጎ አይወሰድም፤ ትምባሆ ማጨስና ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር ሕመም ግን ሕመሙን ያከፋሉ።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡና በአካባቢው የሚኖሩ ተገልጋዮች ድዳቸው የሚደማ፣ የሚያብጥ፣ መግል የሚይዝ ወይም ከጥርስ የሚሸሽ ከሆነ በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይቀርባሉ። ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ የጥርስ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል፤ በጅማ ከተማ የሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጥርስ ሕክምና ይሰጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው መቅረብ፣ በመድኑ የሚሸፈነውንም አገልግሎት አስቀድመው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የጠፋ አጥንት በራሱ ስለማይተካ፣ የጥርስ እጥበትን ጨምሮ ሕክምናውን ድድ መድማት ሲጀምር ማግኘት ጥርስን ከመነቀል ያድናል።